ጋሽ ፍሬን የወደቀበት ፈተና

ስልኩ ሲጮህ ተማሪዋ መኪናዋን በኋላ ማርሽ በሁለት በርሜሎች መሃል ለማስገባት አንገቷን ጠምዝዛ ትታገል ነበር። መምህሩ አላነሳም። በልምምድ ሰዓት ስልክ ማንሳት በእሱ መኪና ውስጥ ነውር ነው። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ዝም አለ። በሦስተኛው ግን ከእግሩ ሥር ያለውን ሁለተኛውን ፍሬን ረግጦ መኪናዋን ቀጥ አደረጋትና “አንዴ ይቅርታ የኔ ልጅ” ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

“አንተ ሰው! የት ሄደህ ነው የማታነሳው?” እህቱ ናት። “ተስማማ! ሁሉም ተስማማ!”

“ምኑ?”

“ምኑ ይለኛል እንዴ! ኩላሊቴ ነዋ! ደሙም ተስማማ፣ ሌላውም ሌላውም ተስማማ። አሁን ከሆስፒታል ደውለውልኝ መቀሴን ጥዬ ቆሜያለሁ። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች አበደች ብለው አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ስማኝ... አለህ?”

በሩን ከፍቶ ወረደና ወደ ሜዳው ጥግ እየተጣደፈ ሄደ። ተማሪዋ በስፖኪዮ ስታየው ያ ኮስታራ ሰውዬ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ሕፃን ይዘላል። ሲመለስ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ፊቱን እንደ ወትሮው ቋጥሮ ነበር።

“የት ነበርን?”

“ጋሼ፣ እርስዎ ሲወርዱ ደንግጬ ፍሬኑን ለቀቅኩትና... በርሜሉን ገጨሁት።”

“ግጪው” አለ። “ዛሬ ደግመሽ ግጪው።”

ልጅቷ የሰማችውን ማመን አቃታት። በዚያ ሜዳ ላይ በርሜል ነክቶ ከጋሽ ፍሬን አፍ የተረፈ ተማሪ የለማ!

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። በማሰልጠኛ መኪና ውስጥ ከመምህሩ እግር ሥር አንድ ትርፍ ፍሬን አለ። ሌሎቹ መምህራን የሚረግጡት ጉድ ሲመጣ ነው፤ እሱ ግን ጉዱ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ይረግጠዋል። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ሲረግጥ የቀኝ ጫማው ሶል ከግራው ቀድሞ ያልቃል። ከተማዋን የሚያውቃትም በመንገዶቿ ስም ሳይሆን በሰዎች ስህተት ነው። ይህች መድኃኒት ቤት ያለችበት ጥግ፣ ልታገባ ስትል ሠርጉ የቀረባት አንዲት ልጅ ሞተር አጥፍታባት መሪው ላይ ተደፍታ ያለቀሰችባት ናት። ያቺ የአበባ አጥር፣ አንድ ግዙፍ ሥጋ ሻጭ ቀጥ ብሎ የገባባት ናት። ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጋሽ ፍሬን ግን በእነሱ ጥግ ሲያልፍ፣ ማንም ሳያየው፣ አሁንም ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል።

ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለእጥበት ይሄዳል። ከመሥሪያ ቤት “የግል ጉዳይ አለብኝ” ብሎ ነው የሚወጣው፤ የግል ጉዳዩ ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። ለእጥበቱ ደም ሥሮቹ የተቀጠሉበት ግራ ክንዱ ሌት ተቀን፣ ቆሞ ሚኒሞ ላይ እንደሚሠራ ሞተር፣ ዝር...ር ይላል። ይህን ሰው እንዳያይበት ፀሐዩ አናት ሲበሳ እንኳ እጅጌውን አይሰበስብም። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። አንዲት ልጁ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ለእሷም አልነገራትም፤ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብሎ። የምታውቀው እህቱ ብቻ ናት። እሷም ነግሯት ሳይሆን፣ አንድ ቀን በሩን በርግዳ ገብታ ክንዱን አይታው ነው።

እህቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ከእሱ ስድስት ዓመት ትበልጣለች፣ በወሬ ደግሞ ስድሳ ዓመት። ያን ቀን ክንዱን ስታይ መጀመሪያ ሰደበችው። ቀጥላ አለቀሰች። እንባዋ ሳይደርቅ “ሁለት አለኝ አይደል? አንዱን ውሰድ” አለችው፤ ስለ ወንበር የምታወራ ነበር የምትመስለው።

አሁን ታዲያ ሁሉም ምርመራ አልቆ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ይኸኛው መርፌ የለውም። ሰጪዋም ተቀባዩም፣ ጭንቀትንና ሕመምን እንዴት እንደሚችሉት የሚለካ መጠይቅ ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዘንድ ይሞላሉ። ዓርብ የሐኪሞች ቦርድ ተቀምጦ ይወስናል። ንቅለ ተከላ የሚሠራው ቡድን ከሌላ ሆስፒታል የመጣ እንግዳ ነው፤ ይህ ዙር ካመለጠ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

“መጠይቅ!” ጋሽ ፍሬን እጁን አፋተገ። “እንኳን ፈተና ሆነ! ፈተናማ የእኔ ነው።”

በእጥበት ክፍል ከጎኑ የሚተኙት ጡረተኛ ዳኛ ይህን መጠይቅ ባለፈው ዓመት፣ ሰጪያቸው ታሞ ከመቅረቱ በፊት፣ ሞልተዋል። ማሽኖቹ ደማቸውን እያሽከረከሩ ሳለ ወደ እሳቸው ዘንበል አለ።

“ጋሼ፣ ምን ምን ይላል?”

“ሲጨንቅህ ምን ታደርጋለህ ነው ባጭሩ። ትደብቃለህ? ሰው ታማክራለህ? ተስፋ ትቆርጣለህ? መልሱ አምስት ነው፤ ከ‘በጭራሽ’ ጀምሮ እስከ ‘ሁልጊዜ’።”

“ትክክለኛው የቱ ነው?”

“ትክክለኛ መልስ የለውም ብለውኛል።”

“ትክክለኛ መልስ የሌለው ፈተና!” ሳቀባቸው። “ጋሼ ይሙቱ፣ እርስዎን ሸውደውዎታል።”

ሰኞ እህቱን ሆስፒታል ሲያደርሳት መንገዱን ሙሉ አሠለጠናት። ለጽሑፍ ፈተና ስንቱን ያሳለፈበት ዘዴ ነበረው።

“እትዬ፣ ልብ ብለሽ ስሚ። ጥሩ ነገር ካየሽ ‘ሁልጊዜ’ በይ። መጥፎ ካየሽ ‘በጭራሽ’። መሃል ያሉትን እንዳትነኪያቸው። መንገድ መሃል የቆመ ሰው ይገጫል።”

“ለምን መሃል አደረጉት ታዲያ?”

“ሊያታልሉሽ ነዋ!”

“እኔን? እነዚህ ሚጢጢ ልጆች?”

“እትዬ በናትሽ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።”

“እሺ፣ እሺ። ጥሩው ሁልጊዜ፣ መጥፎው በጭራሽ። አንተ ግን ይቺን መኪና እንደ ሬሳ ሳጥን ነው የምትነዳት፤ እንዲህ ከተጓዝን ዓርብም እዚሁ ያገኘናል።”

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ልጁን የምታህል፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ነበረች። ወረቀቱን ሰጥታው ውኃ ልትቀዳለት ዞር ብላ ስትመለስ እስክሪብቶውን አስቀምጧል።

“ጨረሱ?”

“ጨረስኩ” አለ፤ በልቡም መቶ ከመቶ አለ። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ለምትጠብቀው እህቱ ዐይኑን ጠቀሰላት።

ረቡዕ ጠዋት ስልክ ተደወለ። እህቱ ጨርሳለች፣ እንከን የላትም። እሱ ተመልሶ እንዲመጣ ተፈልጓል።

“ጋሼ” አለችው ባለሙያዋ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። “ይህን ደጋግሜ አየሁት። አይፈሩም። አይናደዱም። እንቅልፍ አያጡም። ሁልጊዜ ሰው ያማክራሉ፣ ሁልጊዜ ተስፋ ያደርጋሉ።”

“ታዲያ ጥሩ አይደለም?”

“በጣም ጥሩ ነው። ሰው ግን አይመስልም።”

ክንዱ እጅጌው ውስጥ ዝር...ር ሲል ለራሱ ጆሮ ተሰማው።

“ወደቅኩ ማለት ነው?”

“መውደቅ ማለፍ የለውም እኮ ጋሼ።”

“የኔ ልጅ፣ ይህችን ቃል እኔ ራሴ ለስንቱ ተናግሬያታለሁ መሰለሽ። ወደቅኩ?”

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ቶሎ ተሰበሰበ። “በዚህ ወረቀት ለቦርዱ ላቀርብዎት አልችልም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ኩላሊቱ ከገባ በኋላ መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ፣ ሳያቋርጡ ነው የሚወስዱት። ትንሽ ካተኮሰዎት በዚያው ቀን መደወል አለብዎት። ‘እኔ ደህና ነኝ’ የሚል ሰው አይደውልም። ደህና ነኝ እያለ ሳምንት ይቆይና ኩላሊቱ ይሞታል። ይህ ደግሞ የእህትዎ ኩላሊት ነው። ሌላ የላቸውም የሚሰጡዎት።”

“እኔ...”

“ነገ እጠብቅዎታለሁ። ወረቀት አልሰጥዎትም፤ እያነበብኩ እጠይቅዎታለሁ። እውነተኛውን ሰውዬ ይዘውልኝ ይምጡ።”

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እህቱ ጎኑ ተቀምጣ አየችው።

“ጣሉህ?”

“አንቺ ምን ብለሽ ነው ያለፍሽው? ያስጠናሁሽን ነው?”

“ገና ስገባ ጠፋብኝ። ‘ይፈራሉ?’ አለችኝ። ‘እንዴታ!’ አልኳት። ‘ሲፈሩ ምን ያደርጋሉ?’ አለችኝ። ማሽኔን በኃይል እረግጥና በጩኸቱ ውስጥ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ሄጄ ለጎረቤቴ እነግራታለሁ፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሻይ እንጠጣለን አልኳት።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ እንቅልፌን እለጥጣለሁ።”

ወደ እሷ ዞረ። “አንቺ ትፈሪያለሽ?”

“ሆዴን ቀደው ኩላሊቴን ሊያወጡ ነው። ምን ልሁን? ልጨፍር?”

ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። ልጆች ሳሉ እናታቸው እስክትመለስ ብቻቸውን የሚያመሹባት አንዲት ክፍል ትዝ አለችው። መብራት ሲጠፋ እህቱ እጁን ይዛ ጮክ ብላ ትዘፍን ነበር፤ ግጥሙን እየሳተች፣ ዜማውን እየሰበረች። ሲያድግ ለሰው ሁሉ ‘እህቴ ጨለማ አትፈራም፣ ትዘፍናለች’ እያለ ሲያወራ ኖሯል። ያኔ እጇ በላብ ርሶ እንደነበር ግን ዛሬ ነው ያስታወሰው። ይህን ያህል ዓመት እጇ መዳፉ ውስጥ ሲያልባት፣ እሱ የሚያስታውሰው ዘፈኑን ብቻ ነበር።

“ምን ታየኛለህ? ንዳ!” አለችው።

በማግስቱ ከእጥበቱ በፊት ሄደ። ቆርጦ ነበር። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች፦ “ሲጨንቀኝ ለቅርቤ ሰው እናገራለሁ።” ጋሽ ፍሬን አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። የግድግዳውን ቀለም አየ። የልጅቷን ዐይን አየና ወደ ጫማው ሸሸ። ዓርብ ነገ ነው።

“ልጄ” አለ በመጨረሻ፣ “እኔ ፊት ለፊት ማውራት አልችልበትም። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራሁት ጎን ለጎን ተቀምጬ፣ መንገድ እያየሁ ነው። መኪናዬ ውጭ ቆማለች...”

ልጅቷ ወረቀቷን አገላበጠች። “መመሪያው ጸጥ ያለ ቦታ ይላል እንጂ ክፍል አይልም” አለችና እስክሪብቶዋን ይዛ ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ እህቱ ከአግዳሚ ወንበሩ ብድግ አለች። “ወዴት ነው? እኔም እገባለሁ!”

“እህትዎ ቢሰሙ ይስማማሉ?” አለች ባለሙያዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ደስ ካላለዎት ውጭ ይጠብቁናል።”

“ኩላሊቷን ልወስድ ነው፤ ወሬዬን ልከልክላት?”

የሆስፒታሉን ግቢ ዙሪያውን የሚዞር ጠባብ አስፋልት አለ፤ በልብስ ማጠቢያው፣ በወጥ ቤቱና በአምቡላንስ ማቆሚያው በኩል አድርጎ መልሶ በሩ ላይ ያደርሳል። እሱ መሪ ያዘ፣ ባለሙያዋ እሱ ዘወትር በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እህቱ ከኋላ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ልብስ ማጠቢያው ጋ ሲደርስ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ አፉ ተፈታ።

“ለሰው አልናገርም። ይሄው ነው። በጭራሽ ብለሽ ጻፊ።”

“ማን ያውቃል ጋሼ?”

“እትዬ። ዳኛው። ማሽኑ።”

“ልጅዎስ?”

“አታውቅም።”

“በሥራ እደበቃለሁ ይላል ቀጣዩ።”

“ሁልጊዜ።”

“ይናደዳሉ?”

“ጠዋት ጠዋት ተማሪ ሳይመጣ ወደ ሜዳው እሄዳለሁ። መስኮቱን እዘጋለሁ። ሬዲዮኑን እከፍታለሁ። እና እጮሃለሁ።” ወጥ ቤቱን አለፉ። “ያ ካልበቃኝ በርሜሎቹን እገጫለሁ። በፊት በፊት ለምን ጎበጡ ሲሉኝ በተማሪ ነበር የማመካኘው።”

ከኋላ ወንበር እህቱ “ኧረ ጉድ!” አለች። ባለሙያዋ ሳቋን በእጇ አፈነች። እሱም ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ። መኪናዋ ግቢውን አንዴ ዞረች፣ ደግማ ዞረች። ዘበኛው ከበሩ ላይ ሆኖ አንገቱን እያዞረ ይከተላቸው ጀመር።

“ሕክምናዬን ዘልዬ አውቃለሁ” አነበበች።

ጋሽ ፍሬን ይህችን ጥያቄ ሲጠብቃት ነበር። ወረቀቱን በሞላ ጊዜ ከሁሉ ፈጥኖ ‘በጭራሽ’ ያለው እዚህች ላይ ነው። አሁን እውነቱን ቢናገር ያ እንግዳ ቡድን ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ታየው። ቢዋሽ ደግሞ ከኋላው የተቀመጠችው ሴት እጇ ሲያልባት ታየው።

“ሁለት ጊዜ” አለ። “መንግሥት የሚቆርጠው የተማሪዎቼ የመንገድ ፈተና ከእጥበቴ ቀን ጋር ገጠመ። ብቀር ምን ብዬ ልቅር? ሄድኩ። በሁለተኛው ሳንባዬ ውኃ ይዞ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ቀና ብዬ ተቀምጬ አነጋሁ። ለማንም...”

ቀጥ! መኪናዋ ባለችበት ተተከለች። የእህቱ ግንባር ከፊተኛው ወንበር ጋር ተላተመ። ባለሙያዋ ሳታስበው ከእግሯ ሥር ያለውን ትርፍ ፍሬን እስከ ወለሉ ረግጣው ነበር።

“ይቅርታ! ይቅርታ፣ እኔ ምን እንደሆነ እንኳ...”

“አንቺንስ መምህር አድርጌ እቀጥርሻለሁ” አለ ጋሽ ፍሬን።

እህቱ ግን አልሳቀችም። ግንባሯን እያሸች ወደ ፊት ተንጠራርታ ጆሮውን ያዘችው፤ የምሯን ጠመዘዘችው። “ቀና ብለህ አነጋህ? እኔ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ተኝቼ? አፍረህ ልትሞት? ስማ፣ እኔ ኩላሊቴን የምሰጠው ለሚደውልልኝ ሰው ነው። የማትደውል ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፣ ልብሴን ልልበስና ቤቴ ልግባ!”

“ልብስሽንማ ለብሰሻል።”

“አፍህን ዝጋ! ትደውላለህ?”

አምቡላንስ ከኋላቸው መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። እሱ አልሰማም። “እደውላለሁ” አለ። “እትዬ ሙች፣ እደውላለሁ።” ባለሙያዋ ረጅም ነገር ስትጽፍ ቆየች፤ ከአምስቱ ምርጫዎች ውጭ፣ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ።

ዓርብ ከሰዓት በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሥራ አልተሠራም። ጋሽ ፍሬን በጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ይነሳል፣ ተነስቶ ይቀመጣል። እህቱ ያንኑ ኪስ ሦስቴ ሰፍታ ሦስቴ ተረተረችው። ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም ዘለው ያዙትና ሊወድቅ ሲል አንዷ ሠራተኛ ቀለበችው።

ባለሙያዋ ናት። ድምፁ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ተደረገ። “ጋሼ፣ ቦርዱ ረጅም ሰዓት ተከራከረብዎት። የዘለሉት ሕክምና አስፈርቷቸው ነበር። እንዴት እንደነገሩን ግን አስረዳኋቸው። ተፈቅዷል። እሑድ ትገባላችሁ። ሰኞ...”

የቀረውን የሰማ የለም። ሴቶቹ ጮኹ፣ እህቱ ከሁሉ በላይ ጮኸች፣ አንድ ሙሉ የቁልፍ ቆርቆሮ ተገልብጦ ቁልፎቹ በወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ጋሽ ፍሬን ወንበር ላይ ወጥቶ ይሁን ከወንበር ላይ ወድቆ ሳይታወቅ እህቱን አቅፏት ይዞራል።

“ጋሼ፣ ጋሼ፣ ቅድመ ሁኔታ አለው” ይላል ስልኩ። “ከእሑድ በፊት ለመሥሪያ ቤትዎም ለልጅዎም ራስዎ ይነግራሉ። ሲወጡ የሚደግፍዎት ሰው ማወቅ አለበት። ማታ እደውልልዎትና እጠይቅዎታለሁ።”

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ስልኩን ተቀብሎ ወደ በሩ ሄደና መንገዱን እያየ ለማሰልጠኛው ባለቤት ደወለ።

“አለቃ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ታምሜያለሁ። ኩላሊቴ ነው።”

“እሺ፤ እና?”

“እና ማለት?”

“ሰውዬ፣ እሱንማ እናውቃለን። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ መድቤብህ አውቃለሁ? የጸሐፊያችን ታናሽ እህት እዚያ ነርስ ናት፤ ከገባህ ወር ሳይሞላህ ሰምተናል። አንተ እስክትነግረን ስንጠብቅ ጢማችን ሸበተ! አሁን ምን ተገኘ? ተሻለህ? ተናገር እንጂ!”

ነገረው። ከወዲያኛው ጫፍ የጠረጴዛ መደብደብ፣ የወንበር መውደቅ፣ የሌሎቹ መምህራን ጩኸት መጣ። ጋሽ ፍሬን ሳቀ፣ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ከዚያ እጅጌውን አየውና እስከ ክርኑ ሰበሰበው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ይዞት የኖረው ነገር የሰው ሁሉ ነበርና!

ልጁ ግን አታውቅም። ይህ እርግጥ ነው። ቁጥሯን አወጣ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ። እህቱ ከኋላው መጥታ ትከሻው አጠገብ ቆመች፤ ምንም አላለችም፤ በሕይወቷ ምናልባት የመጀመሪያዋ ነው።

ተጫነው።

“አባዬ!” አለች ልጁ ገና ከመደወሉ። “በዚህ ሰዓት ደውለህ አታውቅም። ደህና ነህ?”

‘ደህና ነኝ’ እንደ ልማዷ ምላሱ ላይ መጣች። ዋጣት።

“የኔ ቆንጆ፣ አንድ ትልቅ ደስታ አለኝ። ከደስታው በፊት ግን የደበቅኩሽ ነገር አለ።”

“አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆነ? ይንቀጠቀጣል።”

“ፈርቼ ነው” አላት፤ ቀጥሎም ሁሉንም ነገራት።